ሞገድ ወይስ ማዕበል?

ጥያቄ፦ «አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ጸሐፊው "ዌቭ" የምትለዋን ቃል ይዞ ከባሕር ይነሣና ሬዲዮ፣ ወረርሽኝ፣ ፖለቲካ፣ ፊልም እያለ ይቀጥላል። እኔ ግን በየአንቀጹ እቆማለሁ። ሞገድ ልበል ማዕበል? ልዩነት አላቸው? ወይስ አንዱን መርጬ እስከ መጨረሻው ልሂድበት?»

መልስ፦ አንዱን ይዘው እስከ መጨረሻው አይሂዱ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይጣላዎታል።

ሁለቱም ቃላት ከግእዝ የወረስናቸው ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ቆመው እናገኛቸዋለን። ዮናስ በዓሣው ሆድ ሆኖ «ማዕበልህና ሞገድህ ሁሉ በላዬ አለፉ» ይላል። እዚያ ላይ ልዩነት ፍለጋ ቢደክሙ ብዙ ትርፍ የለውም። ሁለቱም ውሃ ናቸው፣ ሁለቱም ሰውየውን ደፍቀውታል። የዛሬው አማርኛ ግን ለያይቷቸዋል። መለያው ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይሆን ከስሙ ቀጥሎ በሚመጣው ግስ ውስጥ ነው።

ይሞክሩት። ማዕበል ይነሣል፣ ይመታል፣ ያጥለቀልቃል፣ ከዚያ ጋብ ይላል። ሞገድ ይሠራጫል፣ ይተላለፋል፣ ይጠለፋል። አሁን ግሶቹን ያቀያይሯቸው። «የሬዲዮ ማዕበል ተሠራጨ» ቢባል ጆሮ ይሸሻል። «ሞገዱ ከተማዋን አጥለቀለቃት» ቢባልም ወይ ግጥም ነው ወይ ስሕተት። ማዕበል ራሱ መጥቶ ላይዎ ላይ የሚወድቅ ነገር ነው። ሞገድ ግን መልእክቱን አድርሶ ራሱ የማይመጣ ነገር ነው።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ቅኔ ከመሰለዎት ገመድ ያምጡ። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ ይሰሩት፣ ሌላውን በእጅዎ ይዘው አንዴ ወደ ላይ ነቅነቅ ያድርጉት። ጉብ ያለች ነገር እየሮጠች ሄዳ በሩን ትነካለች። ገመዱ ግን የትም አልሄደም፣ እጅዎ ላይ ነው። የሄደው ንቅናቄው ብቻ ነው። ሞገድ ማለት ይኸው ነው። ስታዲየም ውስጥ ተመልካቹ በየተራ እየተነሣ ሲቀመጥ የሚታየውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ጊዜ ዓለም ስላየው ስሙ ከሜክሲኮ ጋር ተጣብቆ ቀረ። «የሜክሲኮ ማዕበል» ሲባል እሰማለሁ፣ እኔ ግን ሞገድ እለዋለሁ። ከወንበሩ ርቆ የሄደ ሰው የለማ!

ሬዲዮ ላይ ክርክር የለም፤ ሞገድ ነው። «በ31 ሜትር ባንድ አጭር ሞገድ» የሚለውን ያልሰማ የድሮ አድማጭ አይገኝም። 31 ሜትር ማለት ከአንዱ የሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለው ርቀት ነው። ስሙ አጭር ቢሆንም ኤፍ ኤም ከእሱ በብዙ ያጥራል፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። አጭር የተባለው ድሮ ከነበሩት ከመካከለኛውና ከረጅሙ አንጻር ነበር። «የአየር ሞገድ» የሚለው አባባልም ቢመረመር ያስቃል። የሬዲዮ ሞገድ አየር አያስፈልገውም፣ ባዶ ጠፈርን አቋርጦ ይሄዳል። እንደ አየር ወይም ውሃ ያለ መተላለፊያ የሚያስፈልገው የድምፅ ሞገድ ነው። ቢሆንም አባባሉ ሥር ሰዷል፣ እኔ ለመንቀል አልታገልም። እርስዎም ይተዉት።

ባሕር ላይ ነገሩ ያምራል። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣውንና ከ200 ሺህ በላይ ሰው የቀጠፈውን ሱናሚ ያስቡት። ሱናሚ ጥልቅ ውሃ ላይ ሳለ በጄት አውሮፕላን ፍጥነት ይጓዛል። ቁመቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም፤ መርከብ ላይ ያለ ሰው ላያውቀው ይችላል። ዳርቻው ጋ ውሃው ሲሳሳ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ ከዚያ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። ለእኔ ያ ነገር መሀል ባሕር ላይ ሞገድ፣ ዳርቻው ላይ ማዕበል ነው። በነገራችን ላይ «ሱናሚ» ጃፓንኛ ነው። «ሱ» ወደብ፣ «ናሚ» ማዕበል። ስለዚህ «የሱናሚ ማዕበል» ብለው ከጻፉ «የወደብ ማዕበል ማዕበል» እያሉ ነው። ሱናሚ ብቻ ይበቃል።

የፊደሉንም ነገር ልንካው። «ማእበል»፣ «ማህበል» እየተባለ ሲጻፍ አያለሁ። የግእዙ ዐይኑ ዕ ነው፣ ማዕበል። ስንናገር ዕን እንውጣታለን፣ ችግር የለውም። ስንጽፍ ከዋጥናት ግን «ማበል» ይሆናል፤ እሱ ደግሞ መዋሸት ማለት ነው። ባሕሩን ውሸታም አደረግነው ማለት ነው።

ወደ ማኅበረሰቡ እንምጣ፤ የሚያስቸግርዎት እዚህ ነው። «የተቃውሞ ማዕበል» ትክክል ነው። ሕዝብ ተነሣ፣ መንገዱን ሞላ፣ አጥለቀለቀ፤ ግሶቹ ሁሉ ይገጥማሉ። «የስደት ማዕበል» በሰዋስው ደረጃ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን ስጽፈው እጄ ይያዛል። ማዕበል የሚሸሹት፣ ግድብ የሚሠሩለት ነገር ነው። ቤቱን ጥሎ የሚሸሸውን ሰው ራሱን አደጋ ያስመስለዋል። አማርኛ «ጎረፉ» የሚል ግስ አለው ይሉኛል። አዎ፣ ግን እሱም ያው ውሃ ነው። ቁጥሩን ያውቁታል? እንግዲያው ቁጥሩን ይጻፉት።

«ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ» ተብሎ ሲቆጠርስ? ሳሙኤል ሀንቲንግተን የተባለው አሜሪካዊ የፖለቲካ ሊቅ ሦስተኛው የዴሞክራሲ ዌቭ እ.ኤ.አ. በ1974 ከፖርቱጋል ጀመረ ይላል። እሱ ከእያንዳንዱ ግስጋሴ በኋላ ማፈግፈግንም ቆጥሯል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ይመጣል። እንዲህ ምት ያለው ነገር ለሞገድ ይቀርባል። ስለዚህ «ሦስተኛው የዴሞክራሲ ሞገድ» እላለሁ። የሴቶች መብት ንቅናቄ ታሪክም በዚሁ ይሄዳል። ለወረርሽኝ ግን ሁለቱንም ትቼ «ሁለተኛው ዙር» ብል እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ ማንም ይገባዋል፣ ሰውንም አያስበረግግም። «ሁለተኛው ማዕበል» ያለ ሰው ግን አልተሳሳተም።

የፊልሙ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ የተነሡትን ወጣት ዳይሬክተሮች «አዲሱ ሞገድ» ይበሏቸው። የኮሪያው ግን ወጥመድ አለው። ድራማውና ሙዚቃው ዓለምን ሲያዳርስ «ሃልዩ» ተባለ። የቃሉ ሁለተኛ ክፍል ፍሰት ማለት ነው፣ ወራጅ ውሃ። «ዌቭ» ያደረገው እንግሊዝኛ ነው። እኛ ከእንግሊዝኛው ተነሥተን «የኮሪያ ማዕበል» ስንል የተርጓሚን ትርጉም እየተረጎምን ነው። እኔ «ሃልዩ» ብዬ አንድ ጊዜ አብራርቼው አልፋለሁ።

ለሰው ጠባይም ቃል አለን፤ ከጽሑፍዎ ውስጥ ባይኖርም ላንሣው። አስቸጋሪውን፣ ልግባ ካለ የማይመለሰውን ሰው «ሞገደኛ» እንለዋለን። «ማዕበለኛ» ግን አይባልም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ማዕበልማ ጋብ ይላል፤ ሞገደኛ ሰው መች ጋብ ይላል?

የቀሩት ሁለቱንም ቃል አይፈልጉም። እንግሊዝኛው እጅን፣ ባንዲራን፣ ጸጉርን፣ ሰብልን በዚያችው በአንዲት ቃል ይጠቀልላል። አማርኛ ለየብቻ ሰጥቷቸዋል። እጅ ይወዛወዛል፣ ባንዲራ ይውለበለባል። «ሞገዳማ ጸጉር» ብለው የጻፉትን ይሰርዙት፤ ዘንፋላ የሚባል ቃል እያለን! ከላኩልኝ ናሙና ውስጥ «የስንዴው ሞገድ በነፋስ ይንቀሳቀሳል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዘንፋላን የወለደው ሥር ለሰብሉም ግስ አለው። «ስንዴው በነፋስ ይዘናፈላል» ይበሉት።