ጠበቃ ለማቆም አቅም የለንም፤ ወንድሜ በምን ይከራከር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዘጌ ነው። የ22 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በጫኝና አውራጅነት ይተዳደራል። አንድ ማታ በተነሣ ጠብ አንድ ልጅ ጭንቅላቱን በዱላ ተመትቶ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተኛ፤ ወንድሜም ታሰረ። ፍርድ ቤት ለፖሊስ 14 ቀን ፈቅዶ ነበር፣ ሊያልቅ ነው። እሱ «ቀድመው የመቱኝ እነሱ ናቸው» ይላል። አንድ የምናውቀው ሰው «ቶሎ ይመን፣ ቅጣቱ ይቀልለታል» አለን። ሌላው ደግሞ ፍርድ ቤት በር ላይ «20 ሺህ ብር ስጡኝና ላስፈታው» ብሎናል። ለጠበቃ የምንከፍለው የለንም። መንግሥት ጠበቃ ይሰጣል ሲባል እሰማለሁ፤ መቼና እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ብሩን ለሰውየው እንዳይሰጡ። በር ላይ ቆሞ እስረኛ የሚያስፈታ ሰው የለም። ገንዘቡን ከተቀበለ ወይ ያታልላችኋል፣ ወይ ጉቦ ውስጥ ይከታችኋል፤ ሁለተኛው እናንተንም ያስከስሳል። እውነተኛ ጠበቃ ፈቃዱን ያሳያል፣ ውል ይጽፋል፣ ለተቀበለው ገንዘብ ደረሰኝ ይሰጣል። ማመልከቻ ጸሐፊም ቢሆን ማመልከቻ ይጽፍላችኋል እንጂ ችሎት ቆሞ አይከራከርም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጠዋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነም ከመንግሥት ጠበቃ ያገኛል። ይህ የሚፈጸመው በፍርድ ቤት በኩል በሚመደቡ ተከላካይ ጠበቆች ነው፤ ክፍያ የለውም። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ ተከሰሰ ሰው ነው። ወንድምዎ ገና ክስ ያልቀረበበት ተጠርጣሪ ስለሆነ ተከላካይ ጠበቃ የሚመደብለት በአብዛኛው ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመሠረተ በኋላ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃው ሲመጣ የምርመራ መዝገቡ ተጠናቅቆ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ የምስክሮች ዝርዝር ተይዞ ያገኘዋል። ስለዚህ ጠበቃ እስኪመደብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም፤ አሁን የሚሠራው ሥራ በኋላ ከሚደረገው ክርክር ይበልጣል።

ከሥራው ሁሉ የሚቀድመው ቃል የመስጠት ጉዳይ ነው። ፖሊስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ቃሉን ሲቀበለው ላለመናገር ይችላል፤ ይህም ሊነገረው ይገባል። መናገር ከፈለገ የሆነውን ብቻ ይናገር፤ ያላየውን አይገምት፤ የተጻፈው ተነቦለት ሳይሰማ አይፈርም። ከዚህ የሚከብደው በዚሁ ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት የሚሰጠውና «የ35 ቃል» የሚባለው ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ችሎት አቅርቦ የእምነት ቃሉ በዳኛ ፊት እንዲመዘገብ ሊያደርግ ይችላል። ዳኛው በፈቃዱ የሚናገር መሆኑን ይጠይቀዋል፤ ተመትቶ ወይም ተስፋ ተሰጥቶት ከሆነ የሚናገርበት ሰዓት ያ ነው። በዳኛ ፊት «አዎ፣ በፈቃዴ ነው» ብሎ ያስመዘገበውን በኋላ ማስተባበል እጅግ ይከብዳል። «ቶሎ ይመን» የሚለውን ምክር የምቃወመውም ለዚህ ነው። ቀድሞ ተመትቶ ራሱን ሲከላከል ከሆነ የመታው፣ ጉዳዩ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የሚመለከተው ሕጋዊ መከላከል ሊሆን ይችላል። ከልክ አልፎ ከሆነም አንቀጽ 79 አለ። «መታሁት» ብሎ ብቻ ከፈረመ ግን ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ይዘጋዋል። በግዳጅ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ደንግጓል፤ ድብደባ ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለዳኛው ይናገር፣ እናንተም ባሕር ዳር ላለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቅርንጫፍ አመልክቱ።

በዚህ ደረጃ ነፃ እርዳታ የሚገኝበት አንዱ በር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ነው። ጉዳዩን ሰምተው ይመክራሉ፣ ማመልከቻ ያዘጋጃሉ። ችሎት ቆመው ይከራከሩለት እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ። ሲሄዱ ከቀበሌ የአቅም ማነስ ማረጋገጫ፣ የወንድምዎን የመታወቂያ ኮፒ፣ የጊዜ ቀጠሮ መዝገቡን (ፖሊስ የምርመራ ጊዜ የጠየቀበትን) ቁጥርና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ይዘው ይሂዱ። የመዝገብ ቁጥር ከሌለዎት ግማሹ ጊዜ ፍለጋ ላይ ያልቃል። የሚረዳችሁ ጠበቃ ጣቢያ ገብቶ ሊያየው ቢፈልግ መከልከል የለበትም፤ የታሰረ ሰው ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ተጠብቋል። ከተከለከለ በቀጠሮው ቀን ለዳኛው ይነገርና በመዝገብ ይስፈር።

አሁን ቤተሰቡ የሚሠራው ማስረጃ ማቆየት ነው። ወንድምዎ የተመታበት ምልክት ካለ ዛሬውኑ ሕክምና እንዲያገኝና የሐኪም ማስረጃ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ እብጠትና ሰንበር ከጠፉ በኋላ «ቀድመው መቱኝ» የሚለው ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። የዚያን ማታ ልብሱ እናንተ ጋ ካለ እንዳይታጠብ። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎችና ካፌዎች ካሜራ ካላቸው ምስሉ ሳይውል ሳያድር እንዲጠበቅ ለመርማሪው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ እንዲህ ያለው ምስል ሲቆይ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። የማመልከቻውን ኮፒ፣ የተቀበላችሁ ሰው ፈርሞበት፣ እናንተ ጋ አስቀሩ።

በቀጠሮው ቀን ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቅ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ የተጠየቀውን ሁሉ የመፍቀድ ግዴታም የለበትም። ወንድምዎ ጠበቃ ባይኖረውም ራሱ መናገር ይችላል፦ «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? የቀረው ምስክር ስንት ነው? ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ ማስረጃ አላጠፋም፣ ዋስትና ይፈቀድልኝ።» ዳኛው የሚመዝነው ይጠፋል ወይ፣ ምስክር ያባብላል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። በእናንተ ጉዳይ የተጎዳው ልጅ ከአደጋ ውጭ መሆኑን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ትልቅ ክብደት አለው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ መሆኑንና ተጎጂው ሊሞት መቻሉን ያነሣልና። ዋስትና ከተከለከለ ይግባኙ በ20 ቀን ውስጥ ነው፤ የትዕዛዙን ግልባጭ በዚያው ቀን ይጠይቁ። ከተፈቀደ ደግሞ ያስያዛችሁበትን ደረሰኝ በደህና ያስቀምጡ፤ ገንዘቡ መዝገቡ ሲዘጋ የሚመለሰው በእሱ ነው።

ክስ ሲቀርብ ወንድምዎ ሁለት ነገር ይበል። አንደኛ፣ የክሱና የማስረጃው ኮፒ ይሰጠኝ፤ ሁለተኛ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ። «ብር የለኝም» ብቻ ብሎ እንዳያቆም። ሕጉ ከአቅም ማጣት ጋር ፍትሕ ሊጓደል ይችላል ወይ የሚለውንም ስለሚያይ፣ ክሱ ከባድ መሆኑን፣ ትምህርቱ ዝቅተኛ ከሆነ ያንንም፣ ሕጋዊ መከላከል የሚያነሣ ክርክር እንዳለው ይናገር። ጥያቄው በመዝገብ መስፈሩን ያረጋግጥ። ከተፈቀደ ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ጽፎ ቀጠሮ ይለውጣል። ጠበቃ ሳያማክር ግን «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አይደለሁም» የሚለውን አይመልስ፤ የእምነት ክህደት ቃል ለመስጠት ጊዜ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

ተከላካይ ጠበቆች ብዙ መዝገብ ይዘው ስለሚሠሩ አንዳንዴ ደንበኛቸውን የሚያገኙት በቀጠሮው ጠዋት ነው። ይህን የምታካክሱት አንድ ገጽ በማዘጋጀት ነው፦ የእያንዳንዱ ምስክር ስም እስከ አያት፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ከዚያ በአንድ መስመር ያየው ነገር። ለምሳሌ ጀልባ ነጂው የመጀመሪያው ምት ከማን እንደመጣ አይቷል፤ ሻይ የምታፈላዋ ከመመታቱ በፊት የነበረውን ስድብና መገፋፋት ሰምታለች። አንድ ነገር የሚደግሙ ዐሥር ሰዎች ከሚቆጠሩ የየራሳቸውን ያዩ ሦስት ይሻላሉ። አድራሻው ያልተሟላ ምስክር መጥሪያ አይደርሰውም፤ ቀጠሮው ይባክናል። ምን እንደሚመሰክሩ ግን አታስጠኗቸው፤ ይህ ወንጀል ነው፣ በመስቀለኛ ጥያቄም ይታወቃል።

የክሱ ኮፒ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የተከሰሰበትን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ ተመልከቱ። ግድያ ሙከራ (አንቀጽ 27 እና 540) ከሆነ መነሻው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው። ከባድ የአካል ጉዳት (555) ከሆነ እስከ 15 ዓመት ጽኑ ወይም ከ1 ዓመት ያላነሰ ቀላል እሥራት ነው። በዱላ አንዴ መምታት የመግደል ሐሳብ ያሳያል ወይ የሚለው ለጠበቃው ትልቅ ክርክር ነው፤ አንቀጹ ከድርጊቱ ጋር የማይገጥም ከመሰለው መቃወሚያውን ክሱ እንደተነበበ ማንሣት አለበት።

በሽማግሌ ስለ መታረቅም ልጨምር። የልጁን ቤተሰብ መጠየቅ፣ ለሕክምናው መርዳት፣ መታረቅ መልካም ነው፤ በቅጣት ጊዜም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ማቅለያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ክሱን ግን አያስቀርም፤ የከባድ ጉዳት ክስ በተጎጂው ፈቃድ የሚነሣ አይደለም። በዕርቅ ወረቀት ላይም «ጥፋቱን አምኖ» የሚል ቃል እንዳይገባ ተጠንቀቁ። «ለሕክምና እርዳታ የተሰጠ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ከመፈረማችሁ በፊትም የሚረዳችሁ ጠበቃ ያንብበው።