ጥያቄና መልስ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ግጥም የማንን ማንነት ይገልጻል?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ የተላቀቁ ሀገራት ገጣሚዎች በእንግሊዝኛ እየጻፉ፣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጥቂት ቃላት ጣል በማድረጋቸው ሀገራዊ ማንነታቸውን ገልጸዋል ማለት ይቻላልን?

መልስ፦ ቃላቱ ብቻቸውን ብዙ አይፈይዱም፤ አንዳንዴም ለባዕድ አንባቢ የተሰቀሉ ጌጦች ሆነው ይቀራሉ። ይበልጥ የሚያከራክረው የግጥሙ ምትና አነጋገር ነው። የባርቤዶሱ ካማው ብራትዌት እ.ኤ.አ. በ1984 በመጽሐፍ በወጣው ንግግሩ፣ እንግሊዞች የለመዱት ባለ አምስት ምት ስንኝ የካሪቢያንን አውሎ ነፋስ ድምፅ ሊይዝ እንደማይችል ተከራክሯል፤ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ልጆች የሚናገሩትንም እንግሊዝኛ፣ የተበላሸ ቋንቋ ነው የሚሉትን በመቃወም፣ «የሀገር ቋንቋ» ብሎታል።

የጃማይካዋ ሉዊዝ ቤኔት ግን ክርክሩን ታወሳስበዋለች። የምትጽፈው ሕዝቡ በየገበያው በሚነጋገርበት፣ ፓትዋ በሚባለው ከእንግሊዝኛ በተወለደ የጃማይካ ቋንቋ ቢሆንም፣ ባለ አራት ስንኝ አንጓዋ ባላድ ከሚባለው የእንግሊዞች ተራኪ ግጥም የመጣ ነው። ይህ ማንነቷን አላደበዘዘውም፤ ያም ሆኖ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ከገጣሚነት ይልቅ የመድረክ ሰው አድርገው ነው ያዩዋት።

ከቤኔት የግጥም መድበሎች አንዱ በታተመበት እ.ኤ.አ. በ1966፣ የኡጋንዳው ኦኮት ፒቢቴክ «የላዊኖ መዝሙር»፣ ባሏ የፈረንጅ አኗኗር መርጦ የናቃት የላዊኖ እሮሮ፣ በእንግሊዝኛ ለአንባቢ ደረሰ። ኦኮት ግጥሙን አስቀድሞ የጻፈው በአቾሊ ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውም ራሱ ነው፤ በትርጉሙ የንስሩን ክንፍ በጥቂቱ መቁረጡን፣ ምቱንና ቤት አመታቱንም መግደሉን በመጽሐፉ መግቢያ ገጽ ላይ ሳይሸሽግ አስፍሯል። ሆኖም አቾሊ በሰሜን ኡጋንዳ የሚኖር የአንድ ሕዝብ ቋንቋ እንጂ የሀገሪቱ ሁሉ መግባቢያ አይደለም፤ ስለዚህም ሉጋንዳ ተናጋሪው ኡጋንዳዊ የላዊኖን ምሬት የሚሰማው በቅኝ ገዢው ቋንቋ በኩል ነው። በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ሆነው የቀረቡት የአፍ መፍቻ ቋንቋና ሀገራዊ ማንነት መለየት ያለባቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጃማይካውያንን ፓትዋ ያገናኛቸዋል፤ በኡጋንዳ ግን የአካባቢው ቋንቋ አንድን ሕዝብ እንጂ መላ ሀገሪቱን አይወክልም፣ ለኦኮት ግጥም ሀገራዊ ዝናም እንግሊዝኛው ብዙ አግዟል።

ጥያቄውን ራሱን ያልተቀበሉም አሉ። ሕንዳዊቷ ካማላ ዳስ ልቦለዶቿን በአብዛኛው በደቡብ ሕንድ በሚነገረው ማላያላም፣ ግጥሞቿን ግን በእንግሊዝኛ ጽፋለች፤ ራሷን በምታስተዋውቅበት ዝነኛ ግጥሟም፣ በእንግሊዝኛ አትጻፊ ለሚሏት ወዳጅ ዘመዶቿ፣ የምትናገረው ቋንቋ ከነጉድለቱ የእርሷ የብቻዋ እንደሆነ መልሳላቸዋለች።