እናቴን ስንከባከብ ካውንስሉ ይከፍለኛል?

ጥያቄ፦ ለንደን ከ79 ዓመት እናቴ ጋር እኖራለሁ። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ጠዋትና ማታ ኬረር፣ ማለትም ተንከባካቢ፣ ይልክላታል፤ ሰዎቹ ግን በየጊዜው ይቀያየራሉ፣ አማርኛ የሚችልም የለም። በጾም ሻይዋን በወተት ያቀርቡላታል፤ ሳትቀምሰው ይቀዘቅዛል። ገንዘቡን ለእኔ ሰጥተውኝ ራሴ ብንከባከባት አይቻልም?

መልስ፦ ገንዘቡን መቀበል ይቻላል። ለእርስዎ ደመወዝ መክፈሉ ላይ ግን ሕጉ ጥብቅ ነው።

በእንግሊዝ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የእንክብካቤ ሕግ፣ ኬር አክት፣ አንቀጽ 31 እንደሚለው፣ ካውንስሉ እንክብካቤ የመደበለት ሰው በአገልግሎቱ ፈንታ ገንዘቡ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ዳይሬክት ፔይመንት የሚባለው ይህ ነው። ጠያቂዋ እናትዎ ናቸው፤ እርስዎ ሂሳቡን በመያዝ ያግዟቸዋል። እንግሊዝኛ አለመቻላቸው ብቻውን ለመከልከል አይበቃም፣ ሕጉ በሰው እገዛ ማስተዳደርንም ይቀበላልና።

እንቅፋቱ አንድ ቤት መኖራችሁ ነው። ሌላ ቤት የምትኖር እህት ካለችዎ ወይም እናትዎ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሴት ካለች መቅጠር ይቻላል። አብሮ ለሚኖር ልጅ ግን ለእንክብካቤው የሚከፈለው ካውንስሉ የግድ አስፈላጊ ነው ብሎ ሲያምን ብቻ ነው። «ልጇ ነኝ» ማለት አያሳምናቸውም። ማን መጣ፣ ምን ሳይበላ ቀረ፣ እናትዎ ከኬረሯ ጋር መግባባት አቅቷቸው ገላቸውን ሳይታጠቡ የዋሉት መቼ ነው፣ ይህን ሁሉ ከነቀኑ ይጻፉ። አማርኛ ተናጋሪ ኬረር ጠይቃችሁ «የለንም» ከተባላችሁ ያንን መልስ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። እምቢ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መጀመሪያ ለራሱ ለካውንስሉ አቤቱታ ያስገባሉ፣ ካልተፈታ በነጻ ወደ እንባ ጠባቂው ይሄዳሉ።

ሰው ከቀጠራችሁ አሠሪዋ እናትዎ ይሆናሉ። ከሕጋዊው ዝቅተኛ ክፍያ በታች አይከፈልም፤ በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ አለ፤ ታክስና ኢንሹራንስም ይከተላሉ። እኛ አበሻዎች በእጅ ሰጥተን መጨረስ እንወዳለን፤ እዚህ አይሠራም፣ ካውንስሉ ደረሰኝ ይጠይቃል። እነዚህ ወጪዎች በበጀቱ መታሰባቸውን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ።

እስከዚያው በዚሁ ሕግ አንቀጽ 10 መሠረት ለራስዎ የተንከባካቢ ግምገማ ይጠይቁ፤ እርስዎ ራስዎ ምን ድጋፍ እንደሚያስፈልግዎት የሚታይበት ነው። የእናትዎን ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።