ለፈታኝ ጉርሻ ይሰጣል ወይ?

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ የአካውንቲንግ ተመራቂ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የመውጫ ፈተናችሁ ደርሷል። የክፍል ጓደኞችሽ «የፈታኞች ሻይ» ብለው በሰው 200 ብር መዋጮ ጀምረዋል፤ የሒሳብ ሰው ነሽና ገንዘብ ያዥ አንቺን መርጠዋል። እናትሽ ደግሞ ከይርጋለም ሁለት ኪሎ ቡና ልከው «ባዶ እጅሽን እንዳትገቢ» ብለውሻል። አንቺም ትጠይቂኛለሽ፦ ለፈታኝ ጉርሻ መስጠት ወግ ነው ወይ? ከሆነስ ስንት ነው? ከፈተናው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብሩ ነውር ከሆነ ቡናውስ? ሱፐርቫይዘሩ ከፈታኙ ስለሚበልጥ የእሱ ከፍ ማለት አለበት? «ሰው እንዳይስቅብኝ» ብለሽ ስምሽን እንዳላወጣ ለምነሻል። እኔ አልሳቅኩም፤ ለምን እንዳልሳቅኩ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ፦ አይሰጥም። በፊትም በኋላም፣ ብርም ቡናም፣ ለፈታኙም ለሱፐርቫይዘሩም። ይህን ብቻ ብዬ ብተውሽ ግን ምን እንዳስጨነቀሽ አልገባኝም ማለት ነው። የተጨነቅሽው ደህና አድርገው ስላሳደጉሽ ነው።

እኛ አገር የደከመልንን ሰው ባዶውን አንሸኝም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዓሣውን ገፎ አጽድቶ ለሚሰጥሽ ልጅ ከሒሳቡ በላይ ትጨምሪለታለሽ። ከመነኸሪያ ሻንጣሽን ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ለጫነልሽም እንዲሁ። ጉርሻ የሚለው ቃል ራሱ ከገበታ የመጣ ነው፤ ለምንወደው ሰው ጠቅልለን የምናጎርሰው። እንዲህ ሆነሽ አድገሽ ጠዋቱን ሙሉ ቆሞ የዋለን ሰው «ቻው» ብቻ ብለሽው መውጣት ቢከብድሽ አልፈርድብሽም።

ነገር ግን አንድ ነገር ለይተሽ እዪ። ዓሣ የሚገፈው ልጅ የሚሠራው ላንቺ ነው፤ ደስ ካለሽ ታክያለሽ፣ ካላለሽ ትተያለሽ። ፈታኙ የሚሠራው ላንቺ አይደለም። እዚያ የቆመው ክፍሉ ውስጥ ለሌሉ ሰዎች ነው። ነገ ዲግሪሽን አይቶ የካዝና ቁልፍ ለሚያስረክብሽ ቀጣሪ ነው። በሌላ ግቢ ያንኑ ጥያቄ ብቻውን ለሚታገል ልጅም ነው። ደግሞም ፈታኙ በእጁ የሚጨምርልሽ ነጥብ የለም። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ እሱ አያርመውም። ታዲያ መዋጮው ምኑን ነው የሚገዛው? ዞር ብሎ መቆሙን ብቻ ነው። ጓደኞችሽ ይህን ባያስቡትም «ሻይ» ያሉት ነገር በአማርኛ ሌላ ስም አለው፤ ጉቦ ይባላል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ደግሞ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይጠይቃል።

«ካለቀ በኋላ ብሰጠውስ? ያኔ እኮ ምንም አልፈልግበትም» ብለሻል። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው፤ ልብሽ ንጹሕ እንደሆነ ያሳያልና። ሰውየው ግን ከሰዓት ሌላ ፈረቃ ይገባል። ጠዋት የተቀበለው ኪሱ ውስጥ ካለ፣ ከሰዓት የሚገቡትን በምን ዓይን ነው የሚያያቸው? አንቺን ተከትላ የምትገባው ልጅ 200 ብር ላይኖራት ይችላል። ከግቢው የተማሪዎች ካፌ ብቻ በልታ የምታድር ልጅ የመቀመጫ ዋጋ እንዲጠየቅባት ትፈልጊያለሽ? እንደማትፈልጊ ከደብዳቤሽ አውቃለሁ።

ፈተና ላይ እምነት ሲጠፋ ምን እንደሚያስከፍል አይተነዋል። ግንቦት 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አፈትልኮ ወጣና ተሰረዘ፤ የለፋውም ያልለፋውም ሐምሌ ላይ እንደገና ተፈተነ። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወሰዱ። በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፍራሽና ምግብ ተዘጋጅቶ፣ ፈታኝ ከሌላ ቦታ መጥቶ፣ በጥበቃ የተፈተኑት ወረቀቱ የማን እንደሆነ እንዲታመን ነው። አንቺም ከ2015 ጀምሮ የምትጠየቁት የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆንልሽ፣ ያ 50 የራስሽ መሆኑን ማንም እንዳይጠራጠርብሽ እፈልጋለሁ።

አሁን ያልሳቅኩበትን ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል በምሠራበት ጊዜ ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ የጽሑፍ ፈተና ሰጥተን ነበር። ወረቀት ስሰበስብ አንደኛው መልስ መስጫ ወፈር አለብኝ። ስገልጠው ለአራት የታጠፈ መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ልጁ ባንክ ሪኮንሲሌሽኑን፣ ማለትም የባንኩንና የመዝገቡን ሒሳብ ማስታረቂያውን፣ በእርሳስ አስምሮ፣ የሁለቱን ወገን ድምር አስታርቆ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮበት ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያ ንጹሕ ሥራ ያየሁት ጥቂት ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበርን። ቃለ ጉባኤ ያዝን፣ ብሩን ከወረቀቱ ጋር አሸግን፣ ልጁም ወደቀ። ገንዘብ የሚይዝ ሰው እየቀጠርን ሌላ ልናደርግ አንችልም ነበር። በሳምንቱ መጥቶ ለምን እንደወደቀ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ፊቱ በአንዴ ልውጥ አለ። «ደንቡ እንደዚህ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አለኝ። አስቀድሞ «አይሰጥም» የሚለው አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ በችሎታው ይቀጠር ነበር። ያ ነገር እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ መዋጮውን ዛሬ አቁሚው። ገንዘብ ያዥነቱ ከሁሉ በላይ አንቺን ነው የሚያጋልጠው፤ ስም ዝርዝሩ በእጅ ጽሑፍሽ ነው፣ «የከፈለ» የሚለውን ምልክት ያደረግሽው አንቺ ነሽ። የሰበሰብሽውን ለእያንዳንዱ መልሺ፤ ስትመልሺም ሌላ ሰው አጠገብሽ ይኑር። ጓደኞችሽን መስደብ አያስፈልግም። «ለምረቃው ራት ከሆነ እኔው እሰበስባለሁ፤ ለዚህኛው ግን የለሁበትም» በያቸው። የሚቀየምሽ አይጠፋም። ከመካከላቸው «እኔም ጨንቆኝ ነበር» የሚልሽም ይኖራል፤ እንዲህ ያለ መዋጮ ውስጥ ግማሹ የሚገባው ሌላው ስለገባ ነው።

ፈታኙ ራሱ «ሻይ አትሉም እንዴ» ቢልስ? ክፍል ውስጥ አትከራከሪው፤ ሰዓቱ ያንቺ ነው። «ቲቸር፣ ፈተናዬን ልጨርስ» ብለሽ ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ስትወጪ የክፍሉን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ ለፈተና ጣቢያው አስተባባሪ ወይም ለትምህርት ክፍል ኃላፊሽ ንገሪ። ብቻሽን ከምትሄጂ የሰማ ጓደኛ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል።

ክብር መስጠት ከፈለግሽ ደግሞ የምትሰጪበት ሞልቷል። ቀድመሽ ድረሺ። ስትገቢ «እንደምን አደሩ» በያቸው፤ ወጣት ቢሆኑም አንቱ በያቸው። ስልክሽን እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ፣ ዶርም ትተሽው ነይ። ፍተሻው ላይ አትኮሳተሪ። ሲያልቅ «አመሰግናለሁ፣ ደከማችሁ» ብለሽ ውጪ። አስተማሪ ሆኖ ለፈተና የቆመ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ እንደሚለው፣ ቆሜበት ስለነበር አውቀዋለሁ። ለሱፐርቫይዘሩም ከዚህ የተለየ የለም።

ለእናትሽ ደውዪላቸው። «ለፈታኝ አይሰጥም» ብቻ ብትያቸው ልጄን ያስቀየምኳት ይመስላቸዋል። ቡናው ውጤት የተሰማ ቀን እንደሚቆላ ንገሪያቸው፤ ከተቻለም እሳቸው ራሳቸው መጥተው ይቁሉት። እስከዚያ ሎከርሽ ውስጥ ይቀመጥ። መታወቂያሽንና የፈተና መግቢያ ወረቀትሽን ግን ማታውኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ።