በፉድ ስታምፕ ጤናማ ምግብ ብቻ?

ወንድሜ፣ ስለ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ስለሚሰጠው የምግብ መግዣ እርዳታ፣ «በፉድ ስታምፕ ለስላሳ ለምን ይገዛል? ጤናማ ምግብ ብቻ አይፈቀድም ወይ?» ላልከው፣ እኔ ግማሹን ነው የምስማማው። ለስላሳው ቢቀር ቅር አይለኝም። ነብራስካ ግዛት ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ሶዳና ኢነርጂ ድሪንክ በፉድ ስታምፕ እንዳይገዛ ከልክላለች።

«ጤናማ ብቻ» የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ዊክ በሚባለው፣ ለእናቶችና ለትንንሽ ልጆች በሚሰጠው ሌላ የመንግሥት የምግብ እርዳታ ላይ፣ የሚገዛው ምግብ እስከ መጠኑ ተወስኗል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ያነሳችው ሲሪያል መጠኑ ልክ ስላልሆነ ካርዱ እምቢ አላት። ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል። እቃውን እዚያው ትታው ወጣች፤ ፊቷ እስካሁን አይጠፋኝም።

ፉድ ስታምፕም ቢሆን ልቅ አይደለም። ትኩስ የተጠበሰ ዶሮ በአብዛኛው አይገዛበትም፣ ቀዝቃዛው ግን ይገዛል። ሁለት ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው ይሄ ምን ይባላል?

እኔ ብሆን ከመከልከል መጨመርን እመርጣለሁ። ማሳቹሴትስ ሃምፕደን ካውንቲ ውስጥ በ2011 በተጀመረ ሙከራ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ለገዛ ሰው በየዶላሩ 30 ሳንቲም ይመለስለት ነበር። ሰዎቹ የሚበሉት የአትክልትና ፍራፍሬ መጠን ሩብ ያህል ጨመረ።

በነገራችን ላይ የሚተከል የጎመን ዘርም በፉድ ስታምፕ ካርዱ ይገዛል። ብዙ ሰው አያውቀውም። በረንዳ ካለህ ሞክረው።