መልስ፦ «ተመርጠሻል፣ ዶላር ላኪ» ስለሚለው ኢሜይል

አብሽሪ እህቴ። ደሴ ግቢ ባዮሎጂ እየተማርሽ «ለክብር ማኅበር ተመርጠሻል፣ በዶላር ክፈይ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ፣ ልክፈል ወይ ብለሻል። አትቸኩይ።

እውነተኛ የክብር ማኅበራት፣ ማለትም ጎበዝ ተማሪዎችን በአባልነት የሚቀበሉ፣ አሉ። የባዮሎጂ ተማሪዎቹ ትራይ ቤታ በ1922 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ተመሠረተ። የፊዚክሱ ሲግማ ፓይ ሲግማ በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። እነሱም የመግቢያ ክፍያ አላቸው፤ ስለዚህ ብር መጠየቁ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ግን አባል የሚቀበሉት በየኮሌጁ ባላቸው ቅርንጫፍ በኩል ነው፣ ውጤትና የትምህርት ክፍል ታይቶ። ስምሽን ከየት እንዳገኘ የማይናገር ኢሜይል ሌላ ነገር ነው። እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። የደረሰኝ ሰርተፍኬት ብቻ፣ እሱም ፒዲኤፍ!

መጀመሪያ ዲፓርትመንትሽን ጠይቂ። ለማስተርስ ማመልከቻ ከሆነ ደግሞ ከመምህርሽ ጋር የቦርከናን ውሃ ናሙና ወስደሽ ብትመረምሪ ይሻልሻል።