ሥዕሌ የማስታወቂያ ሰሌዳ መሰለ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ሥዕል የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለሥዕሎቼ መነሻ የሚሆን ነገር የማልፈልግበት ቦታ የለም። ማለዳ ከክፍል በፊት የጣናን ዳር ይዤ እሄዳለሁ፤ ታንኳዎችንና ፔሊካኖችን በስልኬ አነሣለሁ። በፎገራ በኩል ዘመድ ልጠይቅ ሄጄም እምቦጭ የሸፈነውን ዳርቻ አንሥቻለሁ። ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፤ ማታ ማታ የውጭ አገር ሠዓሊያንን ሥራዎች ከኢንተርኔት እየለቀምሁ አስቀምጣለሁ፤ አዝማሪ ስሰማ እንኳ ዜማውን በመስመር ልከተለው እሞክራለሁ። ስልኬ ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ ፎቶ ተጠራቅሟል። የምኖረው ከአያቴ ጋር ስለሆነ የሣር ስፌት ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ እነድፋለሁ። ሰንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች አለላው፣ ማለትም በቀለም የተነከረው ሣር፣ የሚገባበትን ቦታ በከንፈሯ ትቆጥራለች፤ ከተሳሳተችም ሳታመነታ ሁለት ዙር ወደ ኋላ ትፈታለች።

ባለፈው ወር «አካባቢዬ» በሚል ርእስ አንድ ትልቅ ሸራ እንድንሠራ ታዘዝን። እኔም ካከማቸሁት ሁሉ መርጬ፣ ከላይ በጎንደር ዘመን አሣሣል ዓይኖቻቸው የጎሉ መላእክትን፣ በቀኝ ታንኳን፣ በግራ የእምቦጭ አበባን፣ ከታች የአያቴን እጅ ከነስፌቷ ሣልሁ። መምህሬ ብዙ ከተመለከተው በኋላ «የቱሪዝም ማስታወቂያ ሰሌዳ መሰለ» ብሎኝ አለፈ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ እውነተኛ ፈጠራ ከውስጥ እንጂ ከውጭ እንደማይመጣ፣ የእኔ ሥራም ልቅምቃሚ መሆኑን ነገረኝ። ከዚህ ሁሉ ምንጭ መካከል የትኛውን ልከተል? ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል መውሰድስ መቅዳት ነው ወይስ ድፍረት? ምንም ነገር አልመጣልኝ ሲልስ ምን ላድርግ?

መልስ፦

የመምህርሽ ቃል እንደቆረቆረሽ ከደብዳቤሽ ይታያል፤ እኔ ግን የተናገረው ስለ መነሻዎችሽ መብዛት አይመስለኝም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ታንኳ፣ ገዳምና አበባ ጎን ለጎን የሚሰለፉት አላፊ አግዳሚው አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነው። እዚያ ላይ ታንኳ ማለት «ጣና» የሚል ቃል ነው፤ ደንገሉ እንዴት እንደታሰረ፣ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ካልደረቀ እንዴት ቶሎ እንደሚበሰብስ የሚጠይቅ የለም። አንቺም አራት ነገሮችን የሣልሽ መስሎሽ አራት ስሞችን ጽፈሽ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ገበያውና ስለ ኢንተርኔቱ የጻፍሽው ዝርዝር ነው፤ ስለ አያትሽ የጻፍሽው ግን በዓይንሽ ያየሽው ነው። በከንፈሯ መቁጠሯንና ሁለት ዙር መፍታቷን ከሦስት ሺው ፎቶ አንዱም አይነግርሽም፤ ያገኘሽው ተቀምጠሽ ስለነደፍሽ ነው። ስፌት ከመሐል ተጀምሮ በዙር እየሰፋ የሚሄድ ሥራ በመሆኑ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይረዝማል፤ ስለዚህ ጥለቱ እንዳይዛነፍ ሰፊዋ የአለላውን ቦታ በየዙሩ ከአዲስ ማስላት አለባት፤ በወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የላትም፤ ትንሿ ስሕተትም ከጥቂት ዙር በኋላ ገሃድ ትወጣለች። እኛ በክፍል ውስጥ ቅንብር እያልን በብዙ ቃላት የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ስንት እንደምትቆጥር፣ ቀዩን ከአረንጓዴው አስቀድማ የምታስገባው ለምን እንደሆነ ጠይቂያት። ከዚያ በኋላ አንድም ስፌት ሳትሥይ፣ አንድ ሸራ ከመሐል ጀምረሽ በእርሷ አቆጣጠር ወደ ዳር መሥራት ትችያለሽ። ያን ጊዜ አያትሽ ለሥዕልሽ ርእስ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ መምህርት ይሆናሉ።

እንግዲህ ከምንጮችሽ የትኛውን ትከተይ ለሚለው መልሴ፣ ጥያቄ ይዘሽ የሄድሽበትን የሚል ነው። ለምሳሌ ጣናን እንውሰድ። በዚህ ከተማ ለሽያጭ ከሚሠሩት የሐይቅ ሥዕሎች አብዛኞቹ ውሃውን ሰማያዊ ያደርጉታል፤ እኔም በወጣትነቴ ብዙ ሰማያዊ ቀለም በከንቱ ጨርሻለሁ። ጣና ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሆኖ ሳለ ከፍተኛው ጥልቀቱ 15 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ነፋስ ሲነሣ የታችኛው ደለል በቀላሉ ይናወጣል፤ በክረምት ደግሞ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የየአገሩን አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ስለዚህ ውሃው በነሐሴ የወተት ሻይ፣ ማለዳ ጸጥ ሲል ደግሞ የብር ሳህን ይመስላል፤ ሰማያዊ የሚሆነው ሰማዩ ሲያበድረው ነው። አንድ ሳምንት በየማለዳው በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ተቀምጠሽ፣ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ ትተሽ፣ የውሃውን ቀለም ብቻ በትንሽ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም አስቀምጪ፤ ታንኳ አትጨምሪበት። ሰባቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስትደረድሪያቸው ከሦስት ሺው ፎቶ ያላገኘሽውን ነገር ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ።

እምቦጩም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ጀምሮ ስለ ጥፋቱ ያልተባለ የለም፤ አበባውን አቅርቦ ያየ ግን ጥቂት ነው። የላይኛው የአበባ ቅጠል መሐል ላይ በሰማያዊ የተከበበ ቢጫ ነጥብ አለው። ዓሣ አጥማጁን ከሥራ የሚያስፈታ ተክል ይህን ያህል ማማሩ ራሱ ለአንድ ሥዕል የሚበቃ ጭንቀት ነው፤ ከታንኳና ከመላእክት አጠገብ ስታኖሪው ግን ጌጥ ይሆንና ይረሳል።

የጓደኛሽ ነገር ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከውስጥ ብቻ የሚወጣ ንጹሕ ፈጠራ አለ የሚለው ሐሳብ የእኛን የሥዕል ታሪክ አያውቀውም። በ16ኛው መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን አመጡ። ሠዓሊዎቻችን የእጆቿን መጠላለፍ፣ በጣቶቿ የያዘችውን መሐረብ፣ የሕፃኑን መጽሐፍ ወሰዱ። ነገር ግን ጥላውንና ጥልቀቱን ትተው በጥርት ያለ መስመር ከለሉት፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቆሙ። ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ከአገር ሲባረሩ ሥዕሉ ግን ቀረ፤ ዛሬ በየቤቱ የምናያት የምሕረት እናት ከዚያ የተወለደች ናት። በሮም እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጀመሪያ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎችም እንዲሁ በጎንደር ዘመን እንደ አብነት አገልግለዋል። እነዚያ ኅትመቶች ጥቁርና ነጭ ስለነበሩ ቀይና ቢጫውን የጨመረው የእኛ ሠዓሊ ነው። የቀይ ባሕርን መከፈል ታሪክ የሚሥለውም የፈርዖንን ሠራዊት በዘመኑ ባየው ወታደር መስሎ ጠመንጃ አስይዞ አሰጥሞታል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) ደግሞ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ ሳለ ወደ ክታቡና በክታብ ላይ ወደሚሣሉት የጥልስም ዓይኖች ተመለሰ፤ በፍየል ቆዳ ላይም ሠራ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ከውጭ ያልወሰደ የለም። ልዩነቱ የወሰደውን በራሱ እጅ፣ በራሱ ቀለምና በራሱ ችግር እንደገና መሥራቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጓደኛሽ «ልቅምቃሚ» ሲልሽ በመልቀምሽ አትፈሪ፤ ለቅመሽ ሳትፈጪ ማቅረብሽን ግን አስቢበት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል መማር ድፍረት አይደለም፤ ለጸሎት የሚሆን ቅዱስ ሥዕል መሥራት ግን የራሱ ሥርዓት ያለው ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅይ። እኔን የሚያሳስበኝ የጎሉትን ዓይኖች የወሰድሽበት መንገድ ነው። በዚያ አሣሣል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ከሓዲው፣ ሰይጣኑ፣ ገራፊው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይታይበታል። ዓይኑ ጌጥ ሳይሆን ፍርድ ነው። እንግዲህ የቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ሻጭ ስትሥዪ ሁለት ዓይን ትሰጪያታለሽ ወይስ አንድ? ደላላውንስ? ይህን ስትወስኚ ከአባቶች ጋር መነጋገር ትጀምሪያለሽ፤ ዓይኑን ማጉላት ብቻ ግን መታሰቢያ ዕቃ ሻጮችም የሚያደርጉት ነው።

ለማየት ከፎቶ ይልቅ ወደ ቦታው ሂጂ። የጣናው ደሴት ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች ስለማይገቡበት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ የሣላትን ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል በመጻሕፍት ብቻ ለማየት ትገደጃለሽ፤ ይህ እኔንም ለተማሪዎቼ ስል ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር ነው። ዘጌ ላይ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግን ክፍት ነው፤ በሞተር ጀልባ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ከወደቡም በቡና ጫካ ውስጥ ትወጫለሽ። ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት ስትቆሚ ቀረብ ብለሽ ጠርዞቹን ተመልከቺ፤ ሥዕሉ የተሠራው በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ በግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ታያለሽ። አንድ ግድግዳ መርጠሽ ክፍልፋዮቹን ብቻ፣ ያለ ፊትና ያለ ቀለም፣ በእርሳስ ንደፊ፤ ታሪኮቹ እንዴት እንደተከፋፈሉና ዓይን ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይገባሻል። አንቺ አራት ነገር በአንድ ሸራ ላይ ማኖር ሲቸግርሽ፣ እዚያ በአንድ ግድግዳ ላይ ብዙ ታሪክ ሳይጋጭ ተቀምጧል። አቅም ካለሽ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ጨምሪ፤ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

ምንም ባልመጣልሽ ቀን ብሩሽ እጠቢ፣ ሸራ ወጥሪ፣ የአያትሽን አለላ ቀለም ለመንከር እርጃት። በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ያን ትልቅ ሸራ ግን ነጭ ቀብተሽ አትሸፍኚው። ከካርቶን አራት ማዕዘን መስኮት ቁረጪና በሸራው ላይ እያንቀሳቀስሽ ከአራቱ ክፍል የትኛው ለብቻው መቆም እንደሚችል ፈትሺ። የእጁ ክፍል ይመስለኛል፤ ሥዕሉን ሳላየው ስለምናገር ግን ልሳሳት እችላለሁ፤ ፎቶውን ላኪልኝ።